ምዕራፍ ሦስት፦ ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ፍርድ ቤት ያፋታል

በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቆርበው ተጋቡ። ሁለቱም ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር አይተዋል። የንጉሡ ከወይዘሮ ባፈና ጋር የነበረው ኑሮ ፈርሷል፤ ወይዘሮ ጣይቱም ከአንድ በላይ ባል አግብተው ፈትተዋል። የዚያ ዘመን ሰው የትዳርን ዓይነት አበጥሮ ያውቅ ነበር። በቁርባን የታሰረ ሞት ካልለየው አይፈታም። ሰማኒያ በዋስና በእማኝ ይታሰራል፤ ሲፈርስም በሽማግሌ ይፈርሳል፣ ሀብቱም ይካፈላል። በደመወዝ የገባች ሴት ደግሞ የተነጋገረችውን ይዛ ትወጣለች እንጂ ከቤቱ ሀብት ድርሻ የላትም። ሴቲቱ ቤቱን ለቃ ስትወጣ ምን ይዛ እንደምትወጣ የሚወስነው የገባችበት በር ነበር።

ዛሬ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ባሉት ቀበሌዎችም ሆነ በከተማው የኪራይ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ ባልና ሚስት በየትኛውም ሥርዓት ይጋቡ፣ ሕጉ የሚሰጣቸው መብት አንድ ነው። ቆርበውም ይጋቡ፣ ኒካህ ያስሩ፣ በሽማግሌ ፊት ይፈራረሙ ወይም መዝገብ ሹም ዘንድ ይሂዱ፣ ሚስት ከባሏ እኩል ናት፤ የጋራ ሀብቱም እኩል ይካፈላል፤ ልጁም ልጅ ነው። ይህን መብት ግን ሕጉ ቤት ድረስ አምጥቶ አያስረክብም። ያልተመዘገበ ጋብቻ፣ በወረቀት ያልሰፈረ ስምምነትና በፍርድ ቤት ያልጸደቀ ፍቺ ስንቱን ሰው፣ ይልቁንም ስንቷን ሴትና ስንቱን ሕፃን ባዶ እጁን አስቀርቷል። ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ለዚህ ነው።

የትኛው ሕግ ነው የሚገዛን?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለኢትዮጵያ ቤተሰብ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጻፈ አንድ ወጥ ሥርዓት አበጀ። በዚያ ሕግ የቤተሰቡ አለቃ ባል ነበር፤ የሚኖሩበትን ቦታ የሚመርጠውም እሱ ነው። ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ፣ ወንድ በ18 ዓመቱ ማግባት ይችሉ ነበር። ፍቺ የሚወስኑት ደግሞ የቤተ ዘመድ ዳኞች ነበሩ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ይህን መሠረት ለወጠው። አንቀጽ 34 ወንድና ሴት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው፣ ጋብቻም በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ደነገገ። አሮጌው የቤተሰብ ሕግ ከዚህ ጋር አብሮ መኖር አልቻለም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ለዓመታት ከወተወቱ በኋላ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ወጣ። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጸደቀው በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ተከራካሪዎች ችሎት ሲቆሙ ዳኛው የሚገልጠው ይህንን የክልሉን ሕግ ነው። የሁለቱ ሕጎች መሠረተ ሐሳብ አንድ ነው። በዚህ ምዕራፍ የቀናትና የገንዘብ መጠን ስጠቅስ ከፌዴራሉ ሕግ ነው፤ ጉዳይ ያለው አንባቢ የክልሉን አዋጅ አስገልጦ ያመሳክር።

ጋብቻ፦ ዕድሜ፣ ፈቃድ፣ መዝገብ

ለወንድም ለሴትም የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ይህን የጻፍኩት በክልላችን ልጅን በሕፃንነት መዳር ረጅም ታሪክ እንዳለው እያወቅሁ ነው። «አድጋ ነው የምትገባው፣ አሁን ቃል ኪዳኑ ብቻ ነው» የሚለው ማባበያ ሕጉ ፊት አይሠራም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ዕድሜዋ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነን ልጅ ያገባ ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ጠለፋም በዚሁ ሕግ ከባድ ወንጀል ነው። ጠላፊው በኋላ ሽማግሌ ልኮ ቢታረቅና ቢያገባት እንኳ ከወንጀል ተጠያቂነት አያመልጥም።

ሁለተኛው መሥፈርት ፈቃድ ነው። አባት መርቆ ይድራል እንጂ በልጁ ፈንታ «እሺ» አይልም። ተገዳ ወይም ተታልላ የገባች ልጅ ጋብቻው እንዲፈርስላት ለፍርድ ቤት ማመልከት ትችላለች። ሦስተኛው መሥፈርት አንድ ለአንድ መሆኑ ነው፤ የፊተኛው ጋብቻ ሳይፈርስ ሌላ መጨመር ጋብቻውን የሚያፈርስና በወንጀልም የሚያስጠይቅ ነው። ዘመድ መቁጠርን በተመለከተ የአካባቢው ሰው እስከ ሰባት ቤት ስለሚቆጥር ባህሉ ራሱ ከሕጉ በላይ ጥብቅ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ መዘግየት አያስፈልግም።

ጋብቻ በሦስት መንገድ ይፈጸማል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ ወይም በባህል ሥርዓት። ሦስቱም እኩል ይጸናሉ። ሦስቱም መመዝገብ አለባቸው። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። «ቤተ ክርስቲያን ተክሊል አድርጌያለሁ፣ የቀበሌ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?» ይላል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ጋብቻ በተፈጸመ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን የሚከናወነው በቀበሌ ነው። የልደት ምዝገባ በ90 ቀን፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በ30 ቀን ውስጥ ይደረጋል።

ወረቀት ያልያዘ ሰው ጋብቻው የለም ማለት አይደለም። እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደ ባልና ሚስት ሲያያቸው ኖሯል ብሎ በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ግን ምስክር ይሞታል፣ አገር ይለቃል፣ ይፈራል፣ ይወግናል። ባሏ የሞተባትን ሴት አስቧት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው አይወራረሱም፤ በሕይወት የቀረው የጋራ ሀብቱን ግማሽ ይወስዳል፣ የሟች ግማሽ ለልጆቹ ወይም ለሌሎች ወራሾቹ ያልፋል። የሟች ወንድሞች ተነሥተው «እሷ ሚስቱ አልነበረችም» ካሉ ያንን የራሷን ግማሽ ለማግኘት በቅድሚያ ሚስት እንደ ነበረች ማስረዳት አለባት። ሐዘን ላይ ሆና ምስክር ከምትፈልግ የሰርጓ ሰሞን አንድ ቀን ቀበሌ ብትሄድ ይሻላታል።

ከቀያቸው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ላይ የተጠለሉ ወገኖች ደግሞ ሰነዳቸውም ምስክሮቻቸውም ተበትነዋል። ለእነሱ የልጅ ልደት ማስመዝገብና የጋብቻን ማስረጃ እንደገና ማውጣት ከዕለት እርዳታ ቀጥሎ የሚታሰብ ጉዳይ ሊሆን ይገባል።

የጋራ፣ የግል

ትዳር ሲፈርስ ችሎት ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው የንብረት ክርክር ነው። መርሑ ግን አጭር ነው። እያንዳንዱ ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ በጋብቻ ዘመንም በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው የግሉ ነው። ሁለቱ በሥራቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው። ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢም የጋራ ነው።

ይህን በምሳሌ እንየው። አንድ የሞረትና ጅሩ ሰው ከአባቱ እነዋሪ ላይ ቤት ወረሰ እንበል። ሚስቱ ደግሞ ከእናቷ አንዲት ላም ወርሳለች። ቤቱን አከራይተዋል፣ ከላሟ ወተትም ቅቤ ትሸጣለች። ከኪራዩና ከቅቤው በተጠራቀመው ብር ሁለት ወይፈን ገዝተው በጅሩ ወግ ቤት ውስጥ አስረው እየቀለቡ አሰንግተው ሸጡ፤ በትርፉ ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ሠሩ፣ ካርታው በባል ስም ወጣ። ሊፋቱ ነው እንበል። የእነዋሪው ቤት የባል ነው፤ ላሟ የሚስት ናት። ኪራዩ፣ የቅቤው ብርና ሰንጋዎቹ ሁሉ የጋራ ነበሩ፤ ስለዚህ የደብረ ብርሃኑ ቤት እኩል ለእኩል ይካፈላል። ካርታው በባል ስም መሆኑ ለውጥ አያመጣም። ሕጉ ባልና ሚስት ያላቸው ንብረት ሁሉ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፤ «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። ሚስት «እኔ ምን አለኝ፣ ካርታው በእሱ ስም ነው» ብላ ተስፋ ቆርጣ መውጣቷ ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ባል የእነዋሪውን ቤት ሸጦ በዚያው ብር ሌላ ቢገዛስ? የተገዛው የግሉ ሆኖ እንዲቀር ከፈለገ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ማስወሰን አለበት። ሳያስወስን ከተቀመጠ ንብረቱ ወደ ጋራው ሊገባ ይችላል።

በጋራ ንብረት ላይ አንዱ ብቻውን ሊያደርገው የማይችለው ነገር አለ። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም ማስያዝ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። በፌዴራሉ ሕግ ከ500 ብር በላይ ዋጋ ያለው የሚንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ፣ ከ100 ብር በላይ መስጠት፣ መበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ መሆንም እንዲሁ ነው። ያለ ፈቃዷ ቤቱ የተሸጠባት ሚስት ሽያጩ እንዲፈርስ መክሰስ ትችላለች፤ ነገር ግን ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይም ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ መሆን አለበት። «ቆይ ይመለሳል» እያሉ መጠበቅ መብትን ያስበላል። በሌላ በኩል ለቤቱ ጥቅም የተገባ ዕዳ የሁለቱም ዕዳ ነው።

የገጠር መሬት የራሱ አዋጅ አለው፤ በክልላችን ሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። በባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ላይ የሚሰጠው ደብተር የሁለቱንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። ደብተሩን አውጥታችሁ ተመልከቱ። የእናት ፎቶግራፍ ከአባት ጎን መኖሩን፣ ስሟም በትክክል መጻፉን አረጋግጡ። በዚህ አገር ለገበሬ ሴት ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ያ ፎቶግራፍ ቀላል የሚባል አይደለም፤ መሬቱ ሲከራይም ሲካፈልም የእሷን ፈቃድ የሚያስጠይቀው እሱ ነውና።

ተጋቢዎች ከፈለጉ ስለ ንብረታቸው አስቀድመው የጋብቻ ውል መዋዋል ይችላሉ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ከየወገኑ ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክሮች ሊፈርሙበት ይገባል።

ፍቺ

የዚህን ምዕራፍ ርዕስ የወሰድኩት ከዚህ ክፍል ነው። በሰሜን ሸዋ ሽማግሌ ትልቅ ቦታ አለው፤ ሊኖረውም ይገባል። ስንት ቤት በሽማግሌ ድካም ቆሟል። ሕጉም ይህን ያከብራል፤ ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹን ራሳቸው ወደ መረጧቸው ሽማግሌዎች ሊልካቸው ይችላል። የሽማግሌዎቹ ሥልጣን ግን ማስታረቅ ላይ ያበቃል። የቤተ ዘመድ ዳኞች ያፋቱ የነበረበት ዘመን አልፏል፤ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው።

በተግባር የሚሆነውን እንይ። ባልና ሚስት ተጣሉ፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዕቃ አካፈሉ፤ «ከእንግዲህ አንፈላለግም» የሚል ወረቀት ተፈረመ፤ እያንዳንዱ ወደ ወላጁ ሄደ። አገሩ ሁሉ «ተፋተዋል» ይላል። ሕጉ ግን ባልና ሚስት ናችሁ ይላቸዋል። ከዓመታት በኋላ አንደኛው ሌላ ትዳር ሲይዝ በጋብቻ ላይ ጋብቻ ይሆናል፤ አዲስ ቤት ሲሠራ የጋራ ነው የሚል ክርክር ይነሣል፤ ሲሞት ደግሞ ሁለት ሴቶች «ሚስቱ ነኝ» ብለው ችሎት ይቆማሉ። ይህ ሁሉ ጣጣ የሽማግሌውን ወረቀት ይዞ ወረዳ ፍርድ ቤት ባለመሄድ የመጣ ነው።

የፍቺ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በስምምነት ነው። ሁለቱ ተስማምተው፣ ስለ ልጆቹና ስለ ንብረቱ የደረሱበትንም ጽፈው ያቀርባሉ። ምክንያታቸውን ለመናገር አይገደዱም። ዳኛው ስምምነቱ ከልባቸው መሆኑንና የልጆቹን ጥቅም አለመጉዳቱን አይቶ ያጸድቃል። ሁለተኛው በአንደኛው ወገን አቤቱታ ነው። ፍርድ ቤቱ እንዲታረቁ ይመክራል፣ ወደ ሽማግሌ ሊልክ ይችላል፣ ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ዕርቅ ካልሆነ በ1 ወር ውስጥ ፍቺውን ይወስናል። አቤቱታው እንደ ቀረበ ልጆቹ የት እንደሚቆዩ፣ ማን እንደሚቀልባቸውና ንብረቱ እንዴት እንደሚጠበቅ ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት አለበት። ስለዚህ ንብረት ይሸሻል ብላ የምትሰጋ ሚስት ይህንኑ አቤቱታዋ ላይ በግልጽ ታስፍር፤ ዳኛው እንዲያስከብርላት ትጠይቅ።

በድሮው ሕግ ፍቺ የጠየቀ ሰው የትዳር ጓደኛውን ጥፋት ማስረዳት ነበረበት፤ ካላስረዳ ጥፋተኛው ራሱ ይሆንና ከሀብቱ ይቀነስበት ነበር። ዛሬ ጥፋት አለማስረዳት ፍቺን አያስቀርም፤ የሀብት ክፍያውም እኩል ነው። የተመታች ሴት ድብደባውን በሐኪም ወረቀት ብታስመዘግብ ለወንጀል ክሱም ለካሣውም ይጠቅማታል፤ ፍቺውን ለማግኘት ግን ያን ያህል መከራ ማስረዳት አይጠበቅባትም። በቁርባን ተጋብተናል ማለትም ፍርድ ቤቱን አያግደውም፤ የጋብቻው ዓይነት የፍቺውን ምክንያትና ውጤት አይለውጥም። የቀኖናው ጉዳይ የቤተ ክርስቲያን ነው።

የዳኝነት ክፍያ የሚያሰጋው ሰው ካለ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ መክፈል የማይችል ሰው ድህነቱን አስረድቶ ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅድለታል። ይህን የማያውቅ ሰው ገንዘብ የለኝም ብሎ ቤቱ ይቀመጣል።

ልጆች

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ላይ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ይናገራል። አንደኛው፣ ልጆችን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የልጁ ደኅንነትና ጥቅም ይቀድማል። ሁለተኛው፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደ ልጅ ጋር እኩል መብት አለው። «ዲቃላ» የሚለው ስድብ በሕጉ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ከአባቱ ይወርሳል፣ በአባቱ ይጠራል፣ ቀለብ ይቆረጥለታል።

በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ተብሎ ይገመታል። ከጋብቻ ውጭ ከሆነ አባትየው ልጄ ነው ብሎ ሊቀበል ይችላል። ካልተቀበለ እናትየው ፍርድ ቤት ሄዳ አባትነቱን ታሳውጃለች፤ በሕክምና ምርመራ የሚገኝ ማስረጃም በዚህ ክርክር ይቀርባል። ከመንዝም ከአንጎለላም መጥተው በደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች የሚሠሩ ወጣት ሴቶች ይህን ማወቅ አለባቸው፤ የካደ አባት አቅም ያለው ስለሆነ አይደለም የሚያመልጠው፣ የሚጠይቀው ስለሚያጣ ነው።

ሲፋቱ ልጁ ከማን ጋር ይኑር? የድሮው ሕግ እስከ 5 ዓመቱ ከእናቱ ጋር እንዲሆን ያዝዝ ነበር። የአሁኑ ዳኛው የሁለቱን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የኑሮ ሁኔታ፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም መዝኖ እንዲወስን ያደርጋል። ልጁን ያላገኘው ወላጅ የመጎብኘት መብት አለው፤ ቀለብ የመስጠት ግዴታም አለበት። ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ አይደለም፤ ልብስን፣ መጠለያን፣ ሕክምናንና ትምህርትን ይጨምራል። መጠኑ የሚወሰነው በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው፤ ኑሮ ሲወደድ ወይም ገቢ ሲለወጥ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል።

የልጁ ጥቅም ይቀድማል የሚለው ቃል ጌጥ አለመሆኑን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 አሳይቷል። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። አባትየው በኋላ መጥቶ ሞግዚትነቱ በሕግ የእኔ ነው አለ፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም ፈረዱለት። ሰበር ችሎቱ ሕገ መንግሥቱንና ኢትዮጵያ የፈረመችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ ፍርዱን ሻረ፤ ልጁም ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲኖር ወሰነ። የሰበር ችሎቱ የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ስለሚያስገድድ ይህ ፍርድ ለደብረ ብርሃን ዳኛም ይሠራል።

ጉዲፈቻም በፍርድ ቤት ሲጸድቅ ነው ሕጋዊ የሚሆነው። በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ልጅን ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት ቀርቷል፤ አገር ውስጥ ግን ወላጅ ያጣ ልጅ ለማሳደግ ለሚሻ ሁሉ መንገዱ ክፍት ነው።

ያለ ጋብቻ አብሮ መኖር

ከተማው በፋብሪካዎቹ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩና በዩኒቨርሲቲው ሲሰፋ፣ ኪራይ ተጋርተው ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩ ወጣቶች በዝተዋል። ሕጉ እነዚህንም አልተዋቸውም። በፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 3 ዓመት እንዲህ አብረው ከኖሩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራ ይሆናል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ያፈራውን በማስረጃ ማሳየት አለበት። ቴሌቪዥኑንና ፍሪጁን ማን እንደገዛው ደረሰኝ መያዝ ዛሬ ክፉ ማሰብ ሊመስል ይችላል፤ ነገ ግን ክርክር ያሳጥራል።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ይህን ምዕራፍ ስትጨርስ አራት ነገር አድርግ። ጋብቻህን ካላስመዘገብህ ቀበሌ ሂድና አስመዝግብ። የልጆችህን የልደት ምስክር ወረቀት አውጣ። የመሬት ደብተሩ ላይ የሚስትህ ስምና ፎቶግራፍ መኖሩን አረጋግጥ። በሽማግሌ የተለያየ ዘመድ ካለህ ደግሞ የሽማግሌውን ወረቀት ይዞ ወረዳ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ምከረው። አንቺም እህቴ፣ ካርታው በማንም ስም ይሁን፣ በትዳራችሁ ዘመን የተፈራው ሀብት ግማሹ ያንቺ ነው፤ ሳትጠይቂ አትውጪ።